ስለ «ሙቭ» ፍችና ወደ አማርኛ አመላለሱ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ጽሑፎች ውስጥ ተርጓሚውን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክሉት ረጃጅሞቹና እንግዳዎቹ ቃላት አይደሉም። እንግዳ ቃል ሲያጋጥም መዝገበ ቃላት ይገለጣል፤ አዋቂ ይጠየቃል፤ ካልሆነም ቃሉ እንዳለ ተወስዶ በፊደላችን ይጻፋል። አደጋው ያለው «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ተብለው በሚታለፉት አጫጭር ግሦች ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ አንዱን፣ የቦታ ለውጥን የሚያመለክተውን «ሙቭ»ን ወስዶ ፍችዎቹን መመልከት፣ አማርኛም በምን በምን እንደሚመልሳቸው ማሳየት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ግሥ ባገኙበት ሁሉ «ተንቀሳቀሰ» ማለት ይቀናቸዋል። የአቅራቢው አስተያየት ይህ ልማድ ዓረፍተ ነገሩን ከማደንዘዙም በላይ፣ አንዳንዴ ማን ማንን ምን እንዳደረገ የሚሸፍን ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትውልድ ጥቂት እንበል። «ሙቭ» ምንጩ «ሞቬሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል ገብቶ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መታየት ጀመረ። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው «ስቲሪያን» የተባለው የጥንቱ እንግሊዝኛ ግሥ ነው፤ እርሱም ዛሬ «ስተር» ሆኖ በአብዛኛው ወደ ማማሰል ሥራ ወርዶ ይገኛል። የላቲኑ ሥር ቤተሰቡ ሰፊ ነው። «ሞሽን»፣ «ሞቲቭ»፣ «ኢሞሽን»፣ «ፕሮሞሽን»፣ «ሪሞት» ሁሉም የእርሱ ልጆች ናቸው። ሥርዓት የለቀቀ ሕዝብ የሚባልበት «ሞብ» የሚለው ቃል ሳይቀር ተለዋዋጩን ሕዝብ ከሚያመለክት የላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው። አማርኛም ከዚሁ ሥር «ሞተር»ንና «ሞባይል»ን ወስዶ የራሱ አድርጓቸዋል።

በሰዋስው ረገድ «ሙቭ» አንድ ትልቅ ነፃነት አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ድንጋዩ ከቦታው ቢለቅ «ሙቭ» ይላል፤ ሰውየው ድንጋዩን ከቦታው ቢያስለቅቀውም ያው «ሙቭ» ነው። ግሡ ተሻጋሪ ሲሆንም የማይሻገር ሲሆንም መልኩ አይለወጥም፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ተሳቢው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ብቻ ነው። አማርኛ ይህን ነፃነት አይሰጥም። ተንቀሳቀሰ ካልን አንቀሳቀሰ አለ፤ ተነሣ ካልን አነሣ፣ ተጠጋ ካልን አስጠጋ፣ ወጣ ካልን አወጣ፣ ፈቀቅ አለ ካልን ፈቀቅ አደረገ አለ። አድራጊው ከተደራጊው በግሡ ላይ ተለይቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ተርጓሚው ግሡን ከመጻፉ በፊት «በራሱ ነው ወይስ ሌላ ነው ያደረገው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይለዋል። የእንግሊዝኛው ደራሲ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። «ሙቭ» ብቻውን አቅጣጫ የለውም። ወዴት፣ ከየት የሚለውን የሚነግሩት ከጎኑ የሚቆሙት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ ሙቭ ኢን፣ ሙቭ አውት፣ ሙቭ አፕ፣ ሙቭ ኦቨር፣ ሙቭ ባክ፣ ሙቭ ኦን። ሌናርድ ታልሚ የተባለው የሥነ ልሳን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ቋንቋዎች የጉዞን መንገድ የሚያኖሩበት ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። እንግሊዝኛን የመሰሉት ከግሡ ውጭ በሚቆም ቃል ያመለክቱታል፤ ሴማዊ ቋንቋዎች ግን በግሡ ሥር ውስጥ ያስገቡታል። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፣ አለፈ፣ ተጠጋ፣ ራቀ፣ አፈገፈገ፣ ተመለሰ እያንዳንዳቸው አቅጣጫቸውን በሆዳቸው ይዘው ይዞራሉ።

ከዚህ የሚገኘው የሥራ መመሪያ እንዲህ ነው፦ መተርጐም ያለበት «ሙቭ» ራሱ ሳይሆን ጎኑ ላይ ያለው ትንሽ ቃል ነው። «ሙቭ ኢን» ገባ ነው፤ «ሙቭ አውት» ለቅቆ ወጣ ነው፤ «ሙቭ ኦቨር» ጠጋ አለ ነው። «ወደ ውስጥ ተንቀሳቀሰ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ቃል በቃል አልሳተም፤ ነገር ግን «ገባ» የሚል ሁለት ፊደል እያለለት ሦስት ቃል ተሸክሟል፤ አንባቢውም ሰውየው በር አልፎ ይሁን ግድግዳ ጥሶ እያሰበ ይቆማል። «ሙቭ ባክ» ደግሞ እንደ ቦታው ወደ ኋላ አፈገፈገም ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰም ስለሚሆን፣ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሳያነቡ መተርጐም አይቻልም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚያሳየው እንዲህ ላለው ችግር ነው፤ ተማሪዎች ፍችውን ብቻ ለቅመው ምሳሌውን ሲዘሉት ግን መጽሐፉ የተጻፈበት ምክንያት ይቀራል።

ለመሆኑ «ተንቀሳቀሰ» ምንድን ነው? በቅርጹ እንየው። ከፊቱ «ተን» የሚል ቅጥያ አለው፤ ተነባቢዎቹም ቅ–ስ–ቅ–ስ ናቸው፤ «ቀሰቀሰ» እና «ቅስቀሳ» ላይ የምናገኛቸው ማለት ነው። ዘመዶቹ ተንቀጠቀጠ፣ ተንከባለለ፣ ተንሸራተተ፣ ተንጠለጠለ ናቸው። በእነዚህ ግሦች ውስጥ ድርጊቱ ይደጋገማል ወይም ይዘረጋል፤ አንዴ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። «ሕፃኑ በማሕፀን ተንቀሳቀሰ» ሲባል ቦታ ለወጠ ማለት አይደለም፤ ያለበት ቦታ ሆኖ ሕይወት አሳየ ማለት ነው። «ተንቀሳቀሰ» እንግዲህ ከዕረፍት መንቃትን፣ መላወስን፣ ወዲያ ወዲህ ማለትን በደንብ ይገልጻል። ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መድረስን ለመግለጽ ግን ደካማ ነው። ሠራዊት «ወደ ከተማዋ ተንቀሳቀሰ» የሚለው የዜና አነጋገር የተለመደ ቢሆንም፣ ጆሮ የሚጠብቀው ገሠገሠ፣ ገፋ፣ ዘመተ የሚሉትን ነው።

ይህ ልዩነት በሥነ ጽሑፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከሼክስፒር «ማክቤዝ» የተሻለ ቦታ የለም። ጠንቋዮቹ የጠሩት መንፈስ ለማክቤዝ የበርናም ጫካ ወደ ደንሲኔን ኮረብታ እስኪመጣ ድረስ ድል እንደማይሆን ይነግረዋል። ዛፍ ሥሩን ነቅሎ ስለማይሄድ ንጉሡ ልቡን ያሳርፋል። በአምስተኛው ገቢር አምስተኛ ትዕይንት ግን አንድ መልእክተኛ ኮረብታው ላይ ዘብ ቆሞ ሳለ ያየውን ሊናገር ይመጣል። ያየው የማልኮም ወታደሮች ቁጥራቸውን ለመሸሸግ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ተሸክመው ሲመጡ ነው፤ መልእክተኛው ግን ይህን አያውቅም፤ ለእርሱ የታየው ጫካው ራሱ ነው። ሼክስፒር በመልእክተኛው አፍ ያስቀመጠው ግሥ «ሙቭ» ነው።

እዚህ ላይ ተርጓሚው «ጫካው ተንቀሳቀሰ» ቢል ምን ይሆናል? የአማርኛ አንባቢ ነፋስ ይመለከታል። ጫካ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ቅጠሉ ይወዛወዛል፤ ቅርንጫፉ ይነቃነቃል። ማክቤዝ ለምን እንደሚገረጣ አይገባውም፤ መልእክተኛውንም ስለ ነፋስ ሊናገር የመጣ ሞኝ ያደርገዋል። የእንግሊዝኛው ቃል የሁለቱንም ፍች በር ክፍት አድርጎ ይይዛል፤ መጀመሪያ ለዓይን ትንሽ የሚመስል ነገር ይነሣል፤ ቀጥሎ መምጣቱ ይነገራል፤ ፍርሃቱም በመካከሉ ይወለዳል። በአማርኛ ይህን ለማግኘት ግሡን ሁለት ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል፤ «ጫካው ነቅነቅ ያለ መሰለኝ» ብሎ ጀምሮ «ተነሥቶ መጣ» ወደሚለው መድረስ። «ፈለሰ» የሚለውም አይናቅም፤ ሥርን ነቅሎ መሄድን ስለሚያሰማ ለዛፍ ሲነገር አስደንጋጭ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ መልሶታል። ተማሪዎች ያንን ቦታ አውጥተው ከእንግሊዝኛው ጋር ቢያነጻጽሩ ከብዙ የክፍል ማስታወሻ የበለጠ ይማሩበታል።

ሌላ ምሳሌ ከሳይንስ ታሪክ እንውሰድ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1633 መሬት ትዞራለች የሚለውን ትምህርቱን በፍርድ ፊት ከካደ በኋላ «ቢሆንም…» ብሎ አጕረመረመ የሚባለው አፈ ታሪክ ነው፤ በጽሑፍ የታየው ከመቶ ዓመት በኋላ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በእንግሊዝኛ አባባሉ የሚነገረው በ«ሙቭ» ነው። ይህን «ቢሆንም ትንቀሳቀሳለች» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ጋሊሊዮን የርእደ መሬት ምሁር ያደርገዋል። መሬት ስትንቀሳቀስ የምናውቀው ቤት ሲፈርስ ነውና። «ትዞራለች» ማለት ይበቃል።

መጽሐፍ ቅዱስም ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 2 የእግዚአብሔር መንፈስ በውኃ ላይ የነበረበትን ሁኔታ እ.ኤ.አ. የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ«ሙቭ» ገልጾታል። የዕብራይስጡ ግሥ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 32 ስለ ንስርና ስለ ጫጩቶቿ በተነገረበት ቦታ ይገኛል፤ ከላይ ሆኖ ማንዣበብን የሚያሳይ ነው። የግእዙ ትርጉም «ጸለለ» የሚለውን ግሥ፣ የ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም ደግሞ «ሰፈፈ»ን መርጠዋል። ሁለቱም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለሥዕሉ ይቀርባሉ። በኋላ የወጡ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች «ሙቭ»ን ትተው የማንዣበብን ግሥ ማስገባታቸው የቀድሞው ቃል እንዳልበቃ ያሳያል።

ወደ ዕለት ተዕለት ንግግር ስንወርድ አክብሮት ይጨመርበታል። «ሙቭ!» የሚለው የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ለሕፃንም ለሽማግሌም፣ ለአንድም ለብዙም አንድ ነው፤ ቁጣው ወይም ትሕትናው በድምፅ ይለያል። አማርኛ ግን አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ ማን ለማን እንደሚናገር ይመዘግባል። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ ይህ ትእዛዝም ልመናም ነው። ለአዛውንት «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ አባባ» ይባላል። «ዞር በል» ግን ስድብ ቅርብ ነው፤ «ከፊቴ» የሚል ከተጨመረበት ጠብ ነው። ፖሊስ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ «ዶንት ሙቭ» ሲል «አትንቀሳቀስ» ብሎ መመለስ ሐኪም በሽተኛውን ሲያክም የሚለውን ያስመስላል፤ «ንቅንቅ እንዳትል» ወይም «ውልፊት እንዳትል» ቢባል መሣሪያው ይታያል። ልብ በሉ፤ «ነቅነቅ አለ» ጥቂት ሲሆን «ንቅንቅ» ጠንካራው መልክ ነው፤ ይህም በአብዛኛው በአሉታ ይነገራል። «ውልፊት»ማ ያለ አሉታ ለመስማት ያስቸግራል።

«ሙቭ» የልብንም ነገር ይናገራል። በእንግሊዝኛ ሰው በንግግር፣ በሙዚቃ ወይም በሌላው መከራ «ሙቭድ» ይሆናል። «ኢሞሽን» የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሕዝብ ሁከትን ጭምር ያመለክት ነበር፤ ወደ ግለሰብ ውስጥ የገባው ቆይቶ ነው። አማርኛ በተለምዶ ልብ ተነካ ይላል፤ ንክኪ እንጂ የቦታ ለውጥ የለበትም። ይሁን እንጂ ወደ ሆድ ዕቃ ስንወርድ እንቅስቃሴውን እናገኘዋለን፤ አንጀቴ ተላወሰ እንላለን። «ተላወሰ» ቦታ ከመልቀቅ ጋር የተያያዘ ግሥ ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ «መላወሻ የለም» ይባላልና። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴን በላው የሚሉትም አሉ። ልዩነታቸው የሚገኘው በሐዘኑ ዓይነት ነው፤ ሆድ የሚባባው በርኅራኄና በናፍቆት ሲሆን፣ አንጀት የሚበላው በአብዛኛው የሌላው ጉስቁልና ሲታይ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው እንግሊዝኛው ያልነገረውን፣ ሰውየው በምን ዓይነት ስሜት እንደተነካ፣ ከታሪኩ አውጥቶ መወሰን አለበት። ስሜቱ ወደ ተግባር የሚያደርስ ከሆነ ደግሞ አነሣሣው ወይም ገፋፋው ነው።

በሥራ ቋንቋ ውስጥ «ተንቀሳቃሽ» የራሱን ርስት ይዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ንብረትን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ መክፈሉም ከላቲኑ «ሞቬሬ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ዐሥር ዓመት ሣር የበቀለበት መኪና በሕግ ፊት ተንቀሳቃሽ ነው፤ ጋሊሊዮ ትዞራለች ያላት መሬት ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ናት። የባንኩን ተንቀሳቃሽ ሒሳብም መጥቀስ ይቻላል፤ እንግሊዝኛው እዚያ ላይ «ሙቭ»ን አይጠቀምም። በስብሰባ «ሙቭ» ማድረግ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ በፍርድ ቤት ማመልከት ነው። ለፖለቲካው ስም አማርኛ ሁለት ቃል አበጅቷል፤ እንቅስቃሴ ለማንኛውም፣ ንቅናቄ ለተደራጀው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የተማሪዎች ትግል ግን በሁለቱም ስም ሲጠራ ይገኛል። በቼዝ «ሙቭ» ተራ ነው፤ «ተራው ያንተ ነው» ይባላል። በአገራችን ሰንጠረዥ ግን በመጀመሪያው ክፍል፣ «ወረራ» በሚባለው፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እኩል ስለሚያንቀሳቅሱ ይህ አነጋገር ቦታ የለውም።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «ሙቭ» ሰዎች ከኖሩበት ቦታ የሚወጡበትን ሲናገር ነው። እንግሊዝኛው «ሰዎቹ ሙቭድ» ብሎ ማለፍ ይችላል። አማርኛ ግን ቤት ቀየሩ፣ ለቀቁ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፣ ተዛወሩ፣ ፈለሱ፣ ተሰደዱ፣ ተፈናቀሉ፣ ሰፈሩ የሚሉ ግሦችን ይደረድርለታል፤ አንዱን መምረጥም መፍረድ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ በድርቅ የተጎዱ ሰዎች ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለተወሰዱበት ሁኔታ የሚተርክ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በተደራጊ መልክ «ሙቭድ» ቢል፣ «ሰፈሩ» የሚለው ትርጉም ፈቃዳቸውን ይሰጣቸዋል፤ «እንዲሰፍሩ ተደረገ» የሚለው ይነሣቸዋል። ተርጓሚው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከጽሑፉ ሳያረጋግጥ ብዕሩን ማንሣት የለበትም።

በዚህ ረገድ «ተነሣ» የሚለው ግሥ ለብቻው ጥናት ይገባዋል። ከመቀመጫ ተነሣ፤ ከእንቅልፍ ተነሣ፤ ለጉዞ ተነሣ፤ በጠላት ላይ ተነሣ፤ ጥያቄ ተነሣ፤ ገበታ ተነሣ፤ ሙታን ይነሣሉ። ፎቶግራፍም ይነሣል፤ ለዚህኛው ግን ቀጥ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። በእነዚህ ውስጥ «ተ» የሚለው ቅጥያ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰውየው ተነሣ ሲባል በራሱ ነው፤ ገበታው ተነሣ ሲባል ሌላ ሰው አንሥቶት ነው። ከዚሁ የወጣው «ተነሺ» ዛሬ የሕግ ቃል ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬታቸውን የሚለቁትን በርእሱ «ተነሺዎች» ይላቸዋል፤ በዚያው ጋዜጣ ጎን ለጎን የታተመው የእንግሊዝኛ ርእስ ግን የተፈናቀሉ ሰዎች የሚለውን ይጠቀማል።

ለቃሉ መከራከሪያ ማቅረብ ይቻላል። «ተከሳሽ» ራሱን የከሰሰ አይደለም፤ ሌላ የከሰሰው ነው፤ «ተነሺ»ም እንደዚያው የተነሣ ሳይሆን ያነሡት ተብሎ ሊፈታ ይችላል። በሰዋስው ይህ ትክክል ነው። ሆኖም ቃሉ ለሰው ሲነገር ጆሮ የሚሰማው ገበታውን ሳይሆን ከወንበሩ ብድግ ያለውን ሰው ነው፤ ተከሰሰ ሌላ ፍች ስለሌለው አያሳስትም፤ ተነሣ ግን አለው። ነገሩ የጆሮ ጉዳይ ብቻም አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲገኝ የአማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓል።

በመጨረሻ ግሡ ራሱ ወደ አማርኛ መግባቱን ሳንጠቅስ አናልፍም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ሜሪላንድ ሙቭ አደረግን» ሲሉ ይሰማል። የገባው «አደረገ»ን ተደግፎ ነው፤ «ሙቭ አለ» አይባልም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ያልነበረውን አድራጊነት እዚህ አግኝቷል። ከብዙ ፍችዎቹም አንዱን ብቻ፣ የመኖሪያ ለውጥን ይዞ ቀርቷል፤ በንግግር ልቡ የተነካ ሰው «ሙቭ አደረገኝ» አይልም። ቋንቋ ተበላሸ የሚሉ አሉ፤ አቅራቢው ግን ቃሉ የተመረጠበትን ምክንያት ማየት ይሻላል ይላል። «ቤት ቀየርን» ቢሉ ከተማ መለወጣቸው አይታወቅም፤ «ተዛወርን» የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያሸታል፤ «ተሰደድን» ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ከአገር ሲወጡ፣ ያሉት ቃል ነው። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ድልድይ ተሻግረው ሲገቡ የሚያወሩት ስለ ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ነው።